አፈር ባረፈበት አገር

ስሙን የሚያውቅ ሁሉ ሊጠራው የማይደፍር፣ የማያውቀውም ሊጠይቅ የማይቸኩልበት አንድ አገር ነበር ይባላል። እኔም አልጠራውም። ምድሩ ጥቁር፣ ገበሬው ብርቱ፣ ዝናሙም ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ አገር እንደነበር ብቻ ልንገራችሁ፤ የቀረውን ጆሮ ያለው ይስማ።

የዚያ አገር ንጉሥ አንድ ቀን አዋጅ አስነገረ። «አፈር ደክሟል። አያቶቻችሁ አረሱት፣ አባቶቻችሁ አረሱት፣ እናንተም ደህና ነህ ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁት አረሳችሁት። ከዛሬ ጀምሮ አፈር ይረፍ። ሰው ሁሉ በውሃ ላይ ይዝራ፣ ከውሃ ላይ ይልቀም። አፈር የነካ ዕረፍት የነሣ ነውና ይቀጣል» ተባለ።

ሕዝቡ ቀልድ መሰለው። በማግስቱ ግን ጋሪዎች መጡ። የደከመ አፈር ባለበት ሆኖ አያርፍም ተባለና ከየማሳው አንድ አንድ ክንድ እየተገፈፈ፣ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ጉብታ ይጫን ጀመር። ከሥሩ ነጭ ድንጋይ አፈጠጠ። ጉብታው ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ኮረብታ ሆነ፤ ኮረብታውም ተራራ ለመባል ጥቂት ቀረው። ሆኖም «ኮረብታው ከፍ አለ» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። «እኛ ዝቅ ብለን ይሆናል» ይባባሉ ነበር እንጂ።

ለአዋጁ ማስፈጸሚያ ሹማምንት ተሾሙ። ከእነርሱ አንዱ የጥፍር አጋፋሪ ይባል ነበር። ሥራው ሰኞና ዓርብ በየደጁ እየዞረ፣ የሰዉን ጥፍር በብር ወስፌ እየፈለፈለ፣ የወጣውን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ ማሽተት ነው። ከእሱ በላይ ሊቀ ኩሬ ነበር፤ የውሃውን እርሻ ሁሉ የሚያዝ። ከዚያ ደግሞ በአንደበት ላይ ሕግ ወጣ። «አፈር ስሆን» ብሎ መለመን ተከለከለ፤ «ውሃ ስሆን» ይባል ተባለ። «አፈር ብላ» ብሎ የተሳደበ የንጉሥን ንብረት ለማይገባው ሰው አድሏል ተብሎ ተገረፈ። ለሟች እንኳ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ማለት ቀርቶ «ውሃውን ገለባ ያድርግለት» ሆነ። ሟቹ የሚቀበረው ግን በውሃ አልነበረም። ድንጋይ ይከመርበት ነበር።

በዚያ አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጭን፣ አጥንተ ጠንካራ ሴት ናት። ከባሏ ከጓሉ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለት ጥማድ መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ እያፈራረቁ ሲዘሩ ኖረዋል። ፈጣሪ ልጅ አልሰጣቸውም፤ አንዱን ለሌላው ግን ሰጥቷል። ማሳቸው የተገፈፈ ዕለት ጓሉ ድንበሩ ላይ ቆሞ ጋሪው እስኪርቅ አየና፣ «ነይ እንግባ፣ ብርድ ነው» አላት። ብርድ አልነበረም።

ለእያንዳንዱ ቤት የውሃ እርሻ ታደለ። ለአንጓችም አንድ ትልቅ የእንጨት ገንዳ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ረጅም ቀርከሃ፣ ሁለት ቁና ጠጠር፣ ሰባት የቆሮሶ ዓሣና እፍኝ የጎመን ዘር ደረሳት። የአሠራሩ ደንብ በቃል ይጠና ነበር። «ዓሣው ውሃውን ይመግባል። ውሃው ሥሩን ይመግባል። ሥሩ ሰውን ይመግባል። ሰውም ያመሰግናል።» ከዚህ ሌላ ያስረዳት ሰው አልነበረም። በሕይወት ያለ ዓሣ ሲዋኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያን ዕለት ነው።

አንጓች ገንዳውን በምንጭ ውሃ ሞላችው። ቀርከሃውን ከገንዳው በላይ አጋድማ ጠጠሩን ዘረጋችበት። ዘሩን እርጥብ የበግ ፀጉር ላይ አብቅላ፣ ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ጠጠሩ መሐል ተከለችው። ከዚያ ሰባቱንም ዓሦች ባንድ ጊዜ ለቀቀቻቸው። እንግዳ ደርሶባት ቆጥባ ማስተናገድ የማታውቅ ሴት ናትና የገብስ ቂጣ እየፈረፈረች ጠዋትም ማታም ጣለችላቸው። ያልበሉት ወደ ታች ሰጠመ። እሷ ግን ጠግበው የተዉት መሰላት።

በአራተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈት ጀመሩ።

«ጓሉ፣ ና እስቲ እያቸው» አለች። «ምን እያሉ ነው?»

ጓሉ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ። «እንጃ» አለ። «የሚዘምሩ ይመስላሉ።»

በስድስተኛው ቀን ሰባቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተገኙ። ውሃው ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ሸተተ። ጎመኑም ቅጠሉ እንደ ሰም ቢጫ ሆነ፤ ብትነቅለው ሥሩ ቡናማና የሚያሟልጭ ሆኖ እጇ ላይ ቀረ።

ሊቀ ኩሬ ድልነሳሁ ሊጎበኝ መጣ። ወፍራም፣ ነጭ ለባሽ፣ እግሩ መሬት እንዳይነካ ሁለት ሎሌዎች ሰሌን እያነጠፉለት የሚሄድ ሰው ነበር። ገንዳውን ዞሮ አየ።

«ጌታዬ፣ ዓሦቹ ሞቱብኝ» አለች አንጓች።

«ዓሣ አይሞትም።»

«ይኸው እኮ፣ ይዩዋቸው።»

«ደንቡን በቃልሽ አጥንተሻል? ‹ዓሣው ይሞታል› የሚል ቃል አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ዓሣው አልሞተም። አንቺ ነሽ የደረቅሽው።»

በዚያ አገር የውሃ እርሻው ያልሰመረለት ቤት «ደረቅ» ይባል ነበር። ከደረቅ ቤት አንድ ሰው ይወጣና ቤቱ እስኪለመልም ድረስ ወደ ኮረብታው እየወጣ በቅርጫት አፈር ይሸከማል። አፈር መንካት የተፈቀደው ለደረቆች ብቻ ነው፤ ያም በቆዳ ጓንቲ። ድልነሳሁ ከሁለቱ ማን እንደሚሄድ ሳይወስን የጥፍር አጋፋሪው ደረሰ። የጓሉን እጅ ያዘና ፈለፈለ። የጓሉ ጥፍር ከልጅነቱ ጀምሮ ጠቁሮ የቀረ ነበር። አጋፋሪው ደም እስኪወጣ ቆፈረ።

«አፈር ነው!» ብሎ ጮኸ።

«አፈር አይደለም» አለ ጓሉ በዝግታ። «ጥፍሬ ነው።»

ያን ዕለት ወሰዱት። ሲሄድ አንጓች ጋቢውን ይዛ ተከትላ ሮጠችና ደረበችለት። ድልነሳሁ መለስ ብሎ፣ «የውሃ በዓል ሦስት ወር ቀርቶታል። ንጉሥ ራሱ በዚህ መንደር ያልፋል። ለዚያ ቀን ገንዳሽ ለምልሞ ከተገኘ ባልሽ ይመለሳል» አላት። ይህን ሲናገር ሎሌዎቹም ጎረቤቱም ሰምተዋል።

አንጓች ሦስት ቀን ከደጃፏ አልወጣችም። በአራተኛው ቀን አያ ምናሉ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤቷ በትራቸውን እያስቀደሙ መጡ። አያ ምናሉ በወጣትነታቸው በሐይቅ ዳር የኖሩ፣ መረብ ሲጥሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው ውሃውን በእጃቸው ጨልፈው አሸተቱ።

«ልጄ፣ ይኼ ውሃ ጥሬ ነው» አሉ።

«ውሃ ደግሞ ጥሬና ብስል አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ። ዓሣ እንደማንኛውም ፍጡር ይሸናል። ሽንቱ መርዝ ነው። ሐይቅ ውስጥ ድንጋዩን ስትነኪው የሚያሟልጭ ነገር አለ አይደል? መርዙን በልቶ ለሥር ምግብ የሚያደርገው እሱ ነው። እሱ ሳይወለድ ሰባት ዓሣ የለቀቀ፣ ያለ ጌሾ ጠላ የጠነሰሰ ማለት ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ይንገርሽ? ደንቡን ያወጡት ዓሣን የሚያውቁት ተጠብሶ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ጓሉ ከሄደ ወዲህ በዚያ ቤት የተሰማ ሳቅ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንጓች እንደገና ተማሪ ሆነች። አያ ምናሉ ከወንዙ አሮጌ፣ አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ አምጥተው ገንዳዋ ውስጥ አስቀመጡላት። አንድ ዓሣ ብቻ ከየት እንዳገኙት ሳይናገሩ አመጡላት። «ሁለት ጣት የሚይዘውን ብቻ አብዪው። ቢለምንሽም እንቢ በዪው» አሏት። ገንዳውን ፀሐይ እንዳያገኘውና ውሃው አረንጓዴ እንዳይሆን በሰሌን ሸፈነችው። በቅል እየቀዳች ከቀርከሃው አናት ታፈሳለች፤ ውሃው በጠጠሩ መሐል ሾልኮ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል፤ ደግማ ትቀዳለች። ከአንጥረኛ ቤት የተጣለ ወናፍ አገኙላትና አፉን ውሃው ውስጥ ነክራ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ትነፋለች። «ሥርም ዓሣም ይተነፍሳል» ብለዋት ነበርና። ክንዶቿ አበጡ። እንደ ቀድሞው ለማረስ በሬ አልነበራትም፤ በሬዋ ራሷ ነበረች።

ሃያ ቀን ምንም የለም። ውሃው ደፈረሰ፣ ሸተተ፣ ዓሣው ጥግ ይዞ አኮረፈ። በሠላሳኛው ቀን ጠጠሩ ቡናማ ቀለም ያዘ፤ ስትነካው አሟለጨ። በአርባኛው ቀን ጠዋት ሰሌኑን ስትገልጥ ውሃው ጠርቷል፤ ሽታውም ዝናም ከጣለ በኋላ እንዳለ ጫካ ሆኗል። አንጓች ጎንበስ ብላ አንዴ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች፣ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። አዲስ የተከለችው ጎመን ከጠጠሩ በታች ነጭ ሥር ሰድዶ ነበር። እንደ ሐር ቀጭን፣ እንደ ወተት ነጭ።

ሐሙስ ሐሙስ የደረቆች ቤተሰቦች ከኮረብታው ግርጌ ቆመው ድምፅ እንዲያሰሙ ይፈቀድ ነበር። ሰው አይተያይም፤ ሸካሚዎቹ ከላይ በቅርጫት ሥር እንደ ጉንዳን ይታያሉ እንጂ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። አንጓች እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«ጓሉ! ሥር አወጣ!»

ከብዙ ቆይታ በኋላ ከላይ አንድ ድምፅ ወረደ። «ምን አወጣ?»

«ሥር! ነጭ ሥር!»

«ስንት ቅጠል አለው?»

«አምስት!»

«ትል አለበት?»

«የለበትም!»

ጓሉ የሚስቅ መሰላት። ከዚያ፣ «እንዳትነኪው፣ ሳይጠነክር እንዳትቆርጪው!» ሲል ሰማችው። በዚያ ሳምንት አንጓች ከአንድ ዓሣ ወደ ሦስት አሳደገች። ጎመኑ አሥራ አንድ ሥር ሆነ። ትንንሽ ነው፣ ቅጠሉ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ግን ሕያው ነው። አንድ ቅጠል እንኳ አልቀመሰችም። ለጓሉ መመለሻ አስቀመጠችው።

የውሃ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ሊቀ ኩሬ ድልነሳሁ ሃያ ሰው አስከትሎ መጣ። አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ደስ ብሏታል። ሰሌኑን ገለጠችለት።

«ይዩልኝ ጌታዬ። በቅሏል።»

ድልነሳሁ አፍንጫውን ያዘ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ጎመን ነው።»

«ጎመኑን አይደለም። ድንጋዩን ነው። ድንጋዩ ለምን ቡናማ ሆነ?»

«እሱ ነው እኮ ጌታዬ ሕይወቱ። እሱ ነው መርዙን…»

«ንጉሥ ቡናማ ድንጋይ ይይ ነው የምትይው? ውሃውስ ለምን ሰማያዊ አልሆነም? ከደንቡ ጋር በወጣው ሥዕል ላይ ውሃው ሰማያዊ ነው። ጎመኑስ፣ በሥዕሉ ላይ እስከ ሰው ወገብ ይደርሳል። ይኼ ለፍየልም አይበቃ!» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «አጽዱ!»

ሎሌዎቹ ዘንቢል ሙሉ እንዶድ ይዘው ነበር። አንጓች እንዶዱን ስታይ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ጌታዬ! እንዶድ ዓሣ ይገድላል! አፈር ስሆን…»

ቃሉ ካፏ ሾለከ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ድልነሳሁ ጎንበስ ብሎ፣ «ምን ስትሆኚ?» አላት።

«ውሃ… ውሃ ስሆን» አለች።

አያ ምናሉ ከደጃቸው ሆነው ይመለከቱ ነበር። በትራቸውን ይዘው መጡና በሎሌዎቹና በገንዳው መካከል ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ይኼ ውሃ በሕይወት አለ» አሉ። «አርባ ቀን ወስዶ ነው የተወለደ። ካጠባችሁት ትገድሉታላችሁ። ንጉሡም ቢሆን እውነቱን ቢያይ ምን ይጎዳል?»

«የሽማግሌው ቤት ለምልሟል?» ሲል ድልነሳሁ ጠየቀ።

«የለመለመ ቤት አይቼ አላውቅም፤ ከዚህ በቀር» አሉ አያ ምናሉ።

በዚያው ቀን ወሰዷቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነበር። ቅርጫት ተሰጣቸው።

ገንዳው ተገለበጠ። አርባ ቀን የበሰለው ውሃ በደጃፉ ላይ ፈሰሰና በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ ጠፋ። ጠጠሩ በእንዶድና በአመድ እየታሸ ነጭ እስኪሆን ታጠበ። አንጓች ሦስቱን ዓሦች በማሰሮ ልታስቀር ሞከረች፤ ማሰሮውም በእንዶድ ታጥቦ ነበርና እዚያው አለቁ። አሥራ አንዱ ጎመን ተነቅሎ ተጣለ። አዲስ ውሃ ተሞላና ሰማያዊ ቀለም ተበጠበጠበት።

በበዓሉ ዋዜማ ጋሪ መጣ። በጋሪው ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ጥቅል ጎመን፣ ክንድ የሚያክል ካሮት፣ ቅጠሉ እንደ ዣንጥላ የተዘረጋ ቆስጣ ተጭኗል። አንጓች እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። አንዱን ጥቅል ጎመን ወደ ገንዳው እንድታደርግ ሰጧት። ስታነሣው ከሥሩ አንድ ነገር ረገፈ።

ጥቁር ነበር። እርጥብ፣ ቅባት ያለው፣ የምታውቀው ጥቁር።

ሎሌው አይቶ ቶሎ ነጠቃትና ሥሩ ላይ ውሃ እያፈሰሰ አሸው። «አላየሽም» አላት።

«ከኮረብታው ነው?» አለች አንጓች።

«አላየሽም አልኩሽ።»

ጥቁሩ ውሃ ደጃፏን አቋርጦ ሲፈስ ቆማ አየችው። ያረፈው አፈር አላረፈም ነበር። እየበላበት ያለው ሰው ብቻ ነው የተለወጠው።

በበዓሉ ቀን ነጋሪት ተጎሰመ። ንጉሥ ከመጋረጃው አልወጣም፤ ስምንት ሰው በተሸከመው ድንኳን ውስጥ ሆኖ አለፈ። በአንጓች ደጃፍ ላይ ድንኳኑ ቆመና ከመጋረጃው መሐል አንድ ጣት ወጥቶ ገንዳውን አመለከተ። ድልነሳሁ አንጓችን በክርኑ ጎሸማት። እሷም ያጠናችውን አለች፦ «ዓሣው ውሃውን ይመግባል። ውሃው ሥሩን ይመግባል። ሥሩ ሰውን ይመግባል። ሰውም ያመሰግናል።» ገንዳው ውስጥ አንድም ዓሣ አልነበረም። ከውስጥ፣ «ግሩም ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጣቱ ተመልሶ ገባ። ሰልፉ ገና ጥግ ሳይዞር ሎሌዎቹ ጎመኑን ነቅለው በአቋራጭ ወደ ቀጣዩ ቤት ሮጡ። ያ ጎመን በዚያ ቀን ሰባት ቤት በቀለ። ሰባተኛው ቤት ሲደርስ ጠውልጎ ነበር ይላሉ፤ ንጉሥ ግን እዚያ ሲደርስ ተኝቷል።

በማግስቱ ለአንጓች ነጭ ቀሚስ ተላከላት፤ «እመ ውሃ» የሚል ማዕረግም ተሰጣት። ቀሚሱን ለብሳ ወደ ድልነሳሁ ግቢ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ባሌን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች።

«የትኛውን ባል?»

«ጓሉን። ገንዳሽ ከለመለመ ይመለሳል ብለውኝ ነበር።»

«ለመለመ እንዴ?»

«ንጉሡ ራሱ ግሩም ነው አለ እኮ።»

«እውነት ነው፣ ለምልሟል» አለ ድልነሳሁ፤ ጢሙን እየዳሰሰ። «ያለ ጓሉ እንዲህ ከለመለመ ታዲያ ጓሉ ምን ያደርግልሻል? እሱ በነበረበት ጊዜ ዓሦቹ ሁሉ አለቁ። ሲሄድ ግን አገር ያየው ጎመን በቀለ። ይህንን ሰው መልሼ ብሰድልሽ እርሻሽን ማድረቄ አይደለም?»

«ጌታዬ፣ እርስዎም ያውቃሉ። ያ ጎመን የእኔ አልነበረም። እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት።»

ድልነሳሁ ቀና አለ። ፊቱ አልተቆጣም፤ እንዲያውም የሚያዝንላት መሰለ። «እንግዲያው በንጉሥ ፊት ዋሽተሻል። የዋሸ ወደ ኮረብታው አይወጣም፤ ከኮረብታው ሥር ነው የሚከተት። ባልሽም እንደ ግብረ አበር ይከተልሻል። እንግዲህ ምረጪ፤ ጎመኑ የማን ነበር?»

አንጓች በግቢው ውስጥ አንዲት ርግብ ስትለቅም አየች።

«የእኔ» አለች።

«ተባረኪ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ አንጓች ወደ ኮረብታው ግርጌ ሄደች። እመ ውሃ ብቻዋን አትሄድምና ሁለት ዘበኛ ተከተሏት። አፏን ልትከፍት ስትል አንዱ ዘበኛ እጇን ያዘ። «ማዕረግ ያላት ሴት አደባባይ ላይ አትጮህም» አላት። ሌሎቹ ሴቶች ከጎኗ ይጮሃሉ። ከላይ ድምፅ ወረደ።

«አንጓች! አለሽ?»

አልመለሰችም።

«አንጓች! አያ ምናሉ ትናንት አረፉ! ቅርጫቱ ላይ ወደቁ!»

ከጎኗ የቆሙት ሴቶች፣ «ውሃውን ገለባ ያድርግላቸው» እያሉ አጉረመረሙ። አንጓች ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን ሰለል ብሏል።

«አንጓች! ጎመኑ ስንት ቅጠል ሆነ?»

ዘበኛው እጇን አልለቀቀም። ከላይ ያለው ሰው መልስ ጠበቀ። ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ከዚያ ተወ። በሚቀጥለውም ሐሙስ ጠራት፤ በሚቀጥለውም። በአምስተኛው ሐሙስ አልጠራም። ሞቶ ይሁን፣ ትታኛለች ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይሁን፣ የሚነግራት አልተገኘም። የመጠየቅም ፈቃድ አልነበራትም፤ የለመለመ ቤት ኮረብታው ላይ ሰው የለውምና።

አንጓች ባዶውን ገንዳ እንደገና ሞላችው። ሥራዋ ሆነና። እመ ውሃ አዳዲስ ቤቶችን ደንቡን ታስጠናለች፤ ከየመንደሩ የሚመጡ ሴቶች ደጃፏ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ እሷ ቆማ አራቱን ቃል ትላለች፤ እነሱ ይቀበላሉ። የጥፍር አጋፋሪው ከኋላ ቆሞ ያዳምጣል።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ደጊቱ የምትባል አዲስ ሙሽራ ነበረች። አንድ ቀን ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ሲበተኑ፣ አጋፋሪውም ወደ ሌላ ደጅ ሲያልፍ፣ እሷ ቀረች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ አንጓች፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂ።»

«ዓሦቼ ትናንት አለቁ። ባሌን ዛሬ ጠዋት ወሰዱት። ለሚመጣው በዓል ከለመለመ ይመለሳል ብለውኛል።»

አንጓች ወደ መንገዱ ተመለከተች። ማንም የለም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያወቀችውን ሁሉ ነገረቻት፤ ከወንዝ አሮጌ ድንጋይ እንድታመጣ፣ በአንድ ዓሣ እንድትጀምር፣ ሁለት ጣት የሚይዘውን ብቻ እንድታበላ፣ ገንዳውን ከፀሐይ እንድትሸፍን፣ በወናፍ እንድትነፋ፣ ጠጠሩን ፈጽሞ እንዳታጥብ፣ አርባ ቀን እንድትታገሥ። ደጊቱ በጣቷ እየቆጠረች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ያዘችው።

«ይበቅላል?» አለች።

«ይበቅላል። ይህን ካደረግሽ በእውነት ይበቅላል።»

«ከበቀለስ ይመልሱልኛል?»

አንጓች ልጅቱን አየቻት። የሠርጓ እንሶስላ ከእጇ ገና አልለቀቀም። እውነቱን ብትነግራት ይህቺ ልጅ ዛሬ ወናፍ አታነሣም፤ ነገ ምግብ አትቀምስም፤ ከነገ ወዲያም ራሷ ደረቅ ተብላ ትወሰዳለች። ባትነግራት ደግሞ አርባ ቀን በደስታ ትለፋለች።

«ይመልሱልሻል» አለቻት።

ደጊቱ ወድቃ ጉልበቷን ሳመች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው» እያለች ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ወንዙ ሮጠች፤ ድንጋይ ልታመጣ።